የወለሉ ጤፍ

ጤፍ ስሙን ያገኘው «ጠፋ» ከሚለው ቃል ነው የሚሉ አሉ፤ ከእጅ ካመለጠ አይገኝምና። አንዲት ልጅ ግን ጤፍ ሲጠፋ አይታ አታውቅም ነበር። ባደገችበት በምሥራቅ ጎጃም ጤፍ ይወድቃል እንጂ አይጠፋም። አውድማው በእበት ተለቅልቆ፣ በሬዎቹ ዞረው፣ ነፋስ ተጠብቆ፣ አባቷ ምርቱን በላይዳ ሲበትነው ገለባው በአንድ ወገን ፍሬው በሌላ ወገን ይወርዳል። ከዚያ ያለፈውን ዶሮ ይለቅመዋል፣ ጉንዳን ይሸከመዋል፣ የተረፈውን ደግሞ በሚመጣው ክረምት መሬቲቱ ራሷ ታበቅለዋለች። እናቷም ስታበጥር ከሰፌዱ ጠርዝ የሚረግፈውን ዞር ብላ አታየውም። ብዙ ከሆነባት «ለወፎቹም ይድረሳቸው» ትላለች እንጂ።

ይህች ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እርሻ ተማረች። ተማሪዎቹ «አፓረንት» የሚሉት የተግባር ልምምድ ጊዜ ሲደርስ የትብብር ደብዳቤ ተጻፈላትና ለአራት ወር ወደ አንድ የምርምር ጣቢያ ተላከች። እናቷ ዘንድ ደውላ «የጤፍ ትምህርት ልማር ነው የምሄደው» አለቻት። እናትየው ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣

«ምነው ልጄ፣ እኛ ያላሳየንሽ ጤፍ አለ እንዴ?» አለች።

ነበረ። በማይክሮስኮፕ ሥር ነበረ።

ቤተ ሙከራው ጠባብ ክፍል ነው። ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛ፣ አራት ማይክሮስኮፕ፣ ዓመቱ ያለፈበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ከዕድሜ ብዛት ተሰነጣጥቋል። (ስንጥቁን አንባቢዬ በልቡ ይያዝልኝ።) በሩ አጠገብ ከምስማር ላይ አንድ ትልቅ መዝገብ በሲባጎ ተንጠልጥሏል። በመዝገቡ ላይ የሚነግሡት፣ ተመራማሪዎቹም ተማሪዎቹም «ጋሼ» የሚሏቸው ቴክኒሺያን ነበሩ። በዚያ ክፍል ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ለእያንዳንዱ አዲስ መጤ፣ ጋውኑን ቆልፎ ሳይጨርስ፣ አንድ ነገር ይነግሩታል፦

«እዚህ በእስክሪብቶ ነው የሚጻፈው። ከተሳሳትክ በአንድ መስመር ትሰርዛለህ፤ አንድ ብቻ። የተሰረዘው መነበብ አለበት። አጠገቡ ትፈርማለህ። ላጲስ የሚፈልግ ቄስ ትምህርት ቤት ይሂድ።»

መዝገቡ በዓምድ የተከፈለ ነው፦ ቀን፣ እናት፣ አባት፣ የተዳቀለ አበባ፣ የያዘ፣ የተሰበሰበ ፍሬ። ከሁሉም ዳር አንድ ቀጭን ዓምድ አለች፤ «የጠፋ» ትላለች። ልጅቱ የመጀመሪያ ቀን መዝገቡን ስታገላብጥ ያቺ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ሆና አየች። የዕንቁላል ሰልፍ ትመስል ነበር። «እንዴት ያሉ ጠንቃቆች ናቸው!» ብላ ተገረመች፤ ፈራችም።

ጤፍ ምስጢረኛ ነው። አንዲቱ አበባ ሦስት የዱቄት ከረጢትና ሁለት ላባ የመሰሉ ተቀባዮች በአንድ ጓዳ ዘግታባቸው ትይዛለች፤ ሠርጓ እዚያው ውስጥ ያልቃል፣ እንግዳ አይጠራም። ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ሲባል የኖረውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ታረቀ በርሄ የተባሉት ተመራማሪ አበባዪቱ ማለዳ ላይ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ፣ በሯን ገርበብ እንደምታደርግ አስተዋሉ። የንጋት ነገር ነው፤ ፀሐይዋ ጠንከር ከማለቷ በፊት ተከፍቶ ይዘጋል። ከዚያ ወዲህ ነው የደብረ ዘይቱ የግብርና ምርምር ማዕከል በምርቱ የታወቀ አንድ ጤፍና በንጣቱ የታወቀ ሌላ ጤፍ አጋብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ቁንጮ የተባለውን ዝርያ ያወጣው።

ይህን ሁሉ ጋሼ የሚያወሩላት ሊነጋጋ ሲል፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዘው፣ አበባው እስኪከፈት ሲጠብቁ ነበር። «ቁንጮ» ይሉና መርፌያቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ «ዛሬ በኩንታል ይጫናል። ያን ጊዜ ግን እዚህች ጫፍ ላይ ነበር። ሰው ቢያስነጥስ ኖሮ፣ ቁንጮ የሚባል ነገር የለም።»

ሥራው ይህ ነው። አመሻሽ ላይ ከእናቲቱ ተክል አንድ አበባ ትመርጫለሽ። በማይክሮስኮፕ እያየሽ፣ በቀጭን መርፌ፣ ሦስቱን ከረጢቶች ሳይፈነዱ ትነቅያለሽ፤ ላባዎቹን ሳትነኪ። ማለዳ ከአባትየው ዱቄት አምጥተሽ ትነሰንሺባታለሽ። ምልክት ታስሪባታለሽ። ከዚያ ፍሬዋ እስኪደርስ አንድ ወር ገደማ ትጠብቂያለሽ፤ የምታገኚው ደግሞ፣ ካገኘሽ፣ አንዲት ፍሬ ነው። በ1 ግራም ውስጥ 3000 ገደማ ጤፍ እንደሚገባ እያወቅሽ።

ልጅቱ በመጀመሪያው ሳምንት ከከረጢቱ ጋር አበባውን ጨምራ ነቀለች። በሁለተኛው ሳምንት መነቀሉን ለመደችና በገዛ ትንፋሿ ዱቄቱን በተነችው። በሦስተኛው ሳምንት አፏን በጋውኗ ክንድ ሸፍና መሥራት ጀመረች። አጠገቧ የሚለማመድ አንድ የከተማ ልጅ ነበር፤ እጁ ፈጣን፣ ጽሑፉ የታተመ የሚመስል። እሷ አንድ አበባ ስትጨርስ እሱ ሦስት ይጨርሳል። የሱን ገጽ እያየች ትቀናለች። ቅናት በቤተ ሙከራ ውስጥ ጥሩ መምህር ነው ብዬ የማምንበት ጊዜ አለ፤ በዚህ ታሪክ ግን አልነበረም።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ከስልሳ አበባዎቿ 11 ፍሬ ሰበሰበች። ዐሥራ አንድ! እናቷ ብትሰማ ትስቅ ነበር። እሷ ግን መርፌዋን በምላሷ ጫፍ አርጥባ አንድ በአንድ እያነሣች፣ ከወረቀት ወደ ፔትሪ ዲሽ ስታሸጋግር፣ እንደ ነፍሷ ነበር የምትሳሳላቸው። ሰባት። ስምንት። ዘጠኝ። በሩ ተከፈተ፤ አንዱ የዘበኛ ቁልፍ ፍለጋ መጥቶ ነው። ነፋስ ገባ። ወረቀቱ አንዴ ብቻ ተገለበጠ።

ዐሥር።

ወረቀቱን አየች፤ ጠረጴዛውን፤ ጋውኗን፤ ጉልበቷን። ተንበርክካ ወለሉን በስልክ መብራት ቃኘች። የሲሚንቶው ስንጥቅ እንደ ደረቀ ወንዝ ከጠረጴዛ ሥር ወደ ግድግዳው ይሄዳል። አንድ ሰዓት ያህል ፈለገች። ጤፍ የሚመስል አሸዋ ብቻ ነው ያገኘችው።

አሁን ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። እናቲቱ ነጭ ጤፍ ነበረች፤ አባትየው ቀይ። ቀይ በነጭ ላይ ያይላል፤ ስለዚህ በትክክል የተዳቀለች ፍሬ ተዘርታ ስታፈራ ምርቷ ቀይ ይሆናል። ፍሬዋ ራሷ ግን፣ ከመዘራቷ በፊት፣ ገና የእናቷን ልብስ ነው የለበሰችው፤ ነጭ ናት። ከሌላው ነጭ ጤፍ በዓይን የሚለያት የለም። ደግሞም በዚህ ሥራ እንከን ብርቅ አይደለም፤ አንድ ከረጢት ሳይነቀል ይቀርና አበባዪቱ በራሷ ትፀንሳለች፣ ስታፈራም ነጭ ትሰጣለች። «ሳይሳካ ቀረ» ይባላል፣ ይታለፋል።

ጠረጴዛው ላይ፣ ከክርኗ አንድ ስንዝር ርቆ፣ የእናቲቱ ጤፍ የሞላበት ብልቃጥ ነበር።

ልጅቱ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህን የምለው ልከላከልላት አይደለም። መርፌዋን አረጠበች፤ ከብልቃጡ አንዲት ፍሬ አነሣች፤ ከዐሥሩ መካከል አስቀመጠቻት። መዝገቡን ከምስማሩ አውርዳ «የተሰበሰበ ፍሬ» በሚለው ሥር 11 ብላ ጻፈች። «የጠፋ» በሚለው ሥር ዕንቁላሏን አኖረች። ጽሑፏ የዚያን ቀን በጣም ያምር ነበር።

ማታ በኪራይ ክፍላቸው ለጓደኛዋ ነገረቻት። ጓደኛዋ ሽንኩርት እየከተፈች ሳቀች። «ለአንድ ፍሬ ጤፍ? ትናንት የበላነው እንጀራ ውስጥ ስንት ነበር? ማን ያየዋል?»

እውነቷን ነበር፤ ማንም አያየውም። ልጅቱን እንቅልፍ የነሳት ግን መታየቱ አልነበረም። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ሄደች። ሐሳቧ ቀላል ነበር፤ የጨመረቻትን አውጥታ ጥላ፣ 11ን ሰርዛ 10 ልትጽፍ። ዲሹን ከማይክሮስኮፑ ሥር አስገብታ ጎንበስ አለች።

ዐሥራ አንድ ነጭ ፍሬዎች ቁልቁል ለሚያያቸው ዓይኗ አንድ ዓይነት ፊት አሳዩ።

የትኛዋ ናት? ዳር ላይ ያለችው? ዲሹ ተንቀሳቅሷል። ሞላ ያለችው? ሦስቱ ሞላ ይላሉ። ልጅቱ እዚያ ጎንበስ እንዳለች ብዙ ቆየች። ማታ አንዲት ፍሬ ነበር የጠፋችባት። አሁን ግን ዐሥራ አንዱም ጠፍተውባታል፤ ዓይኗ ሥር ተቀምጠው።

ጋሼ ፔርሙዛቸውን ይዘው ሲገቡ ጋውኗን ሳታወልቅ ነገረቻቸው። ከበሩ ጀምራ፣ ወረቀቱን፣ ነፋሱን፣ ብልቃጡን። ሲቆጡ እሰማለሁ ብላ ስትጠብቅ፣

«በየት በኩል ወደቀ?» አሉ።

«በዚህ... ይመስለኛል፣ ጋሼ።»

«በሩን ዝጊ። መስኮቱንም።»

ከመሳቢያቸው ለስላሳ የቀለም ቡሩሽ አወጡ። ሁለቱም ተንበረከኩ። ከጠረጴዛው ሥር፣ ከእግሩ ዙሪያ፣ ከስንጥቁ ውስጥ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ አቧራውን እየጠረጉ በወረቀት ላይ አከማቹ። ሽማግሌው ወገባቸውን እየደገፉ «ይህ ክፍል በየቀኑ ይጠረጋል» ይሉ ነበር፤ ለራሳቸው ይመስላል። ሲጨርሱ ሁለት እፍኝ የማይሞላ ግራጫ አቧራ ሆነ፤ ፀጉር፣ የቺንኮ ስባሪ፣ የክር ቁራጭ፣ አሸዋ።

«በዓይን አይለይም» አሉ ጋሼ። «እንጠይቀው።»

ግሪንሀውስ ውስጥ በእንፋሎት የተቀቀለ አፈር ነበር፤ አረም እንዳይበቅልበት በውስጡ ያለ ዘር ሁሉ የሞተ። በሰፊ ትሪ ሞሉት። አቧራውን በላዩ ነሰነሱት፤ ውኃ በስሱ አርከፈከፉበት። ጋሼ በእንጨት ምልክት ላይ «ከወለል» ብለው ጻፉ፤ ቀኑንም። ዐሥራ አንዱን ደግሞ ለየብቻ በጣሳ ዘሯቸው፤ በምልክቶቹ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት አኖሩ። ከዚያ መዝገቡን አወረደች። 11ን በአንድ መስመር ሰረዘች፤ «10፣ እና አንድ የተቀየጠ» ብላ ፈረመች። ዜሮውንም ሰርዛ 1 ጻፈች። ከመዝገቡ ሁሉ ያቺ ገጽ አስቀያሚዋ ሆነች።

ጤፍ ለመብቀል ብዙ አያስጠብቅም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ልጅቱ ትሪውን ልታጠጣ ገብታ ቆማ ቀረች። አንዲት ቡቃያ ነበር የምትጠብቀው፤ ያውም ዕድል ካላት። ትሪው አረንጓዴ ፀጉር አብቅሏል።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው፣ በእያንዳንዷ ቡቃያ አጠገብ የጥርስ መፋቂያ እየሰኩ ቆጠሩ። አንድ ስንዴ አለ፤ ሁለት ያልታወቀ ሣር። የቀረው ጤፍ ነው። 47።

ልጅቱ ልትስቅ ነበር፤ የሳቸውን ፊት አይታ ተወችው። ሽማግሌው ትሪውን ትተው ወደ ቤተ ሙከራው ተመለሱ፤ መዝገቡን አውርደው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ገጽ ገለጡ። ዜሮ። ገለጡ። ዜሮ። የአምናዎቹ ተለማማጆች፣ የካቻምናዎቹ፣ አሁን የት እንዳሉ የማይታወቁ፤ አንዳንዶቹ ዛሬ ራሳቸው ዶክተር ተብለው ሌላ ተማሪ የሚመዝኑ። የከተማው ልጅ ገጽ ላይም ደረሱ፤ ንጹሕ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው። ልጁ ከበስተኋላቸው ቆሞ ነበር። ምንም አልተናገሩትም፤ እሱ ግን ጋውኑን አውልቆ ወጣ፣ ሻይ ልጠጣ ብሎ።

የጣቢያው ተመራማሪ፣ ዶክተሩ፣ ከሰዓት በኋላ ግሪንሀውስ ሲገቡ ትሪውን አዩት። «ይሄ ደግሞ የምን ሙከራ ነው?»

«የወለላችን ነው፣ ዶክተር» አሉ ጋሼ።

ዶክተሩ ሳቁ። ከዚያ የጥርስ መፋቂያዎቹን አዩ፤ ቁጥሩን ጠየቁ፤ ሳቃቸውን ጨርሰው ሳይሆን አቋርጠው ወጡ። በማግስቱ የመዝገቡን ቅጂ ቢሯቸው አስመጥተው እስከ ማታ ሲያዩ ዋሉ። አንድ ዝርያ ከመቶ አበባ ስንት ይይዛል የሚለው የዓመታት ሒሳብ ከመዝገቡ ዓምዶች ነበር የሚነሣው። የጠፋው ካልተጻፈ ያልያዘው ይበዛል፤ ያልያዘው ሲበዛ ጥፋቱ የሰው እጅ መሆኑ ቀርቶ የጤፉ ጠባይ ይሆናል። ምናልባትም «አይዳቀልም» ተብሎ የተተወ ጥሩ ጤፍ ነበረ፤ ምናልባት ፍሬው ስንጥቁ ውስጥ ነበር። ይህን አሁን የሚመልስ የለም።

አራቱ ወር አለቀ። የምዘናው ቅጽ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲሄድ ልጅቱ «ጥንቃቄ» ከሚለው ላይ ነጥብ ተቀንሶባት ነበር። የከተማውን ልጅ በሰባት ነጥብ አስበለጡባት። ቅጹ ላይ ሌላ ሣጥን የለም፤ ጋሼ ቢኖርም ምን እንደሚሞሉበት የሚያውቁ አይመስለኝም። ልጅቱም አልተከራከረችም፤ ፍሬዋ በእርግጥ ወድቃለችና።

በእኛ አገር ወረቀት ያለ ማህተም ወረቀት ስላልሆነ፣ ቅጹ ማህተም ጎድሎት ተመለሰ፤ ልጅቱም ማህተም ፍለጋ ጥቂት ሳምንት ቆይታ ወደ ጣቢያው መጣች። እግረ መንገዷን ግሪንሀውስ ገባች። ጤፉ ደርሶ ነበር። ከዐሥራ አንዱ ጣሳ አንዱ ሳይበቅል ቀርቷል፤ ስምንቱ ቀይ አፍርተዋል፤ ሁለቱ ነጭ። ከሁለቱ ነጮች አንዷ የብልቃጧ ትሆናለች፤ ወይም ሁለቱም የአበባው እንከን ሆነው ያልበቀለችው ትሆናለች። ምልክቶቹ ላይ የጥያቄው ምልክት እንዳለ ነው።

የወለሉ ትሪ ሰርገኛ ሆኗል። ቀዩ ከነጩ ጋር ተደባልቆ ዘንበል ብሏል። ቀያዮቹን ቆጠረች፤ 19። አንዷ የሷ ልትሆን ትችላለች። አባትየው ጤፍም በዚያው ወለል ላይ ስንት ጊዜ እንደፈሰሰ ግን ትሪው ራሱ ይናገራል። አንዷን ዘለላ በመዳፏ ያዘች፤ ለቀቀቻት።

ቤተ ሙከራው ባዶ ነበር። ወለሉ ያው ነው፤ በጀት አልተገኘም። ጠረጴዛዎቹ ሥር ግን ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል። መዝገቡ ከምስማሩ ላይ ነው። አውርዳ አየችው። አዲስ ተለማማጆች ገብተዋል፤ የማታውቃቸው ጽሑፎች፤ «የጠፋ» በሚለው ሥር 2 ይላል፣ 0፣ 1፣ «1፣ አስነጥሼ» ይላል። ፈገግ አለች።

ወደ ኋላ ገለጠች፤ የሷን አስቀያሚ ገጽ አልፋ፣ የከተማውን ልጅ አልፋ፣ ወረቀቱ ቢጫ እስከሆነበት፣ የመዝገቡ መጀመሪያ ድረስ። እዚያ ጽሑፉ የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ የወጣት እጅ፣ ጥድፊያ ያለበት፤ ያኔ ተማሪ አልነበረም፣ ቴክኒሺያኑ ብቻቸውን ነበሩ የሚሠሩት። በቀጭኗ ዓምድ ውስጥ የተደረደሩት ዜሮዎች፣ ከላይ እስከ ታች፣ እያንዳንዳቸው በአንድ መስመር ተሰርዘዋል። በምትካቸው ምንም ቁጥር አልተጻፈም። የተሰረዙት ሁሉ ይነበባሉ። አጠገባቸው፣ በአዲስ ቀለም፣ እጁ በሚንቀጠቀጥ ሰው ፊርማ ተፈርሞባቸዋል።